መልሱ እስኪመጣ

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የኋለኛው ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት መቶ ብር አውጥታ ከፊቷ ያለውን ሰው ትከሻ ነካ ታደርጋለች። ሰውዬው ዞር ብሎ ሳያያት ብሩን ተቀብሎ ወደፊት ያሳልፋል። ብሩ ሁለት ሦስት እጅ ተሻግሮ በሩ ሥር ጎንበስ ብሎ የቆመው ረዳት ዘንድ ይደርሳል። ረዳቱ የሰበሰባቸውን ብሮች በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሃል ሰክቷቸዋል። መቶውንም እዚያው ይሰካና ወደ ጩኸቱ ይመለሳል፦ “አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! የሞላ!” መልስ አልሰጠም።

ሾላ ታለፈ። ሴትየዋ ስልኳን ታያለች፣ ቀና ብላ ረዳቱን ታያለች፣ ተመልሳ ስልኳን ታያለች። አጠገቧ ያሉ ጎልማሳ ሳትነግራቸው ገብቷቸዋል። “ጠይቂው እንጂ ልጄ፤ እነሱ እኮ ዝም ካልሽ ዝም ነው” ይላሉ፤ ጮክ ብለው፣ ረዳቱ እንዲሰማ። ረዳቱ አልሰማም፤ ወይም የሰማ አልመሰለም። እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ ሦስት ሰው ሲወርድ ሦስት ሰው ይገባል፤ ከገቡት ሁለቱ ዝርዝር ይዘዋል። ረዳቱ ዝርዝሩ እጁ ከመግባቱ አንገቱን አዙሮ “ከኋላ መቶ የሰጠ ማን ነበር?” ይላል። “እኔ ነኝ” ትላለች። መልሱ በመጣበት መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ይመለሳል።

ጎልማሳው ወደ መስኮቱ ዞረዋል።

ይህ በየቀኑ ሺህ ጊዜ የሚሆን ነገር ስለሆነ ልብ የሚለው የለም። ግን ሥራውን ቆጥሬ ሳየው ይገርመኛል። ሴትየዋ ገንዘቧን ስማቸውን ለማታውቃቸው ሰዎች እጅ ሰጠች፤ አንዳቸውም ኪሳቸው አልከተቱትም። ረዳቱ ደግሞ ሴትየዋ “እኔ ነኝ” ስትል ማስረጃ አልጠየቃትም። እዚያ ወንበር ላይ አራት ሰው አለ፤ ማንኛቸውም “እኔ ነኝ” ማለት ይችሉ ነበር። አንዳንዴም ዝርዝር ጨርሶ ሲጠፋ ረዳቱ ለሁለት ተሳፋሪዎች አንድ የብር ኖት አቀብሎ “ለሁለታችሁ ነው፤ ተካፈሉ” ይላቸዋል። ከደቂቃ በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች የገንዘብ ሸሪክ ሆነው ቁጭ ይላሉ። አንዱ ቀበና ላይ የሚወርድ ከሆነ ሌላው ኪሱን ፈትሾ ያካፍለዋል፤ ካጣም “ይሁን፣ ያንተ ይሁን” ተባብለው ይለያያሉ።

መልሱ የዘገየው ረዳቱ ዝርዝር ስላልነበረው ነው። ከኋለኛው ወንበር ላይ ሆኖ ይህን ማየት ግን አይቻልም። የሚታየው መቶ ብር ሄዶ አለመመለሱ ብቻ ነው። ምክንያቱ በረዳቱ ጣቶች መሃል ነው ያለው፤ ሴትየዋና ጎልማሳው የተለያዩትም ይህን ባዶ ቦታ በሞሉበት ነገር ነው። እሷ ጠበቀች፤ እሳቸው ሌባ አደረጉት።

በጎልማሳው አልፈርድም። ያደጉበት ተረትና ምሳሌ ከእሳቸው ጋር ነው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ተብሎ የማያውቅ ልጅ የለም። “ሰውን ማመን ቀብሮ ነው” የሚለውም አለ፤ ከዚህ የከረረ የጥርጣሬ ትምህርት በየትኛውም ቋንቋ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይኸው ሕዝብ ነው ግን መቶ ብሩን በማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ የሚያሳልፈው። አፋችን ከእጃችን ይልቅ ተጠራጣሪ ነው።

የሰውን ሥራ ስናይ ምክንያቱን ለምን ቶሎ ብለን ከባሕርዩ ላይ እንደምንለጥፍ የሥነ ልቦና ሰዎች ብዙ መርምረዋል። ከሁሉም የማይረሳኝ ጆን ዳርሊ እና ዳንኤል ባትሰን በአሜሪካ ፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ የሠሩትና በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ተማሪዎቹ 40 ናቸው። እያንዳንዱ አጭር ንግግር እንዲያዘጋጅ ተነገረው፤ ለግማሾቹ የተሰጠው ርዕስ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነበር። ቁስለኛውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ፣ ያነሳው ደግሞ ከተናቀው ወገን የመጣ መንገደኛ። ንግግሩ የሚቀርበው ሌላ ሕንጻ ውስጥ ነው ተባለና ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተላኩ። በሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየሳለ ደጃፍ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሰውዬው የጥናቱ ተባባሪ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን አያውቁም።

ለየት የሚያደርጋቸው ሲላኩ የተነገራቸው ነገር ነበር። ለአንዳንዶቹ “አርፍደሃል፤ እየጠበቁህ ነው” ተባለ። ለሌሎቹ “አሁን ብትሄድ ትደርሳለህ”፣ ለቀሩት ደግሞ “ገና ጊዜ አለህ፤ ቀስ ብለህ ሂድ።” ጊዜ ካላቸው መካከል 63 በመቶ ያህሉ ቆመው ሰውዬውን ረዱ፤ አርፍደሃል ከተባሉት ግን 10 በመቶ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ እየሄደ የነበረውና ስለ ሌላ ጉዳይ ሊናገር የሚሄደው ይህን ያህል አልተለያዩም። በሌላ አነጋገር፣ ስለ ርኅራኄ ሊያስተምር የቸኮለ ሰው የወደቀውን ተሻግሮ አለፈ።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ብዙዎች “አየህ፣ ግብዞች!” ይላሉ። ጥናቱ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ያለፉትና የቆሙት ተማሪዎች ያው ዓይነት ሰዎች ነበሩ፤ በዕጣ ነው የተደለደሉት። ልዩነታቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። ያን ዕለት በዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ያያቸው ሰው ግን ስለ ደቂቃዋ የሚያውቀው ነገር የለም፤ “ጨካኝ” እና “ደግ” ብሎ ከፍሏቸው ነበር የሚሄደው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊ ሮስ በ1977 እ.ኤ.አ. ለዚህ የሰው ልጅ ዝንባሌ ስም አወጣለት፤ የሌላውን ሰው ድርጊት ስንፈታ ያለበትን ሁኔታ አሳንሰን ባሕርዩን የምናገዝፍበት መሠረታዊ ስህተት ነው አለ። ለራሳችን ሲሆን ሚዛኑ ይገለበጣል። እኔ ስዘገይ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው፤ አንተ ስትዘገይ ንቀት ነው።

ይህ ስህተት የአንዲት የቤት ሠራተኛ ፌስታል ሲዘረገፍ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ቀኑ ቅዳሜ፤ የቤቱ እመቤት ለሠርግ እየለበሱ ነው። ከጥንድ የወርቅ ጉትቻቸው አንዱ የለም። ኮሞዲኖው ላይ ነበር። አልጋ ልብሱ ተነሳ፣ ምንጣፉ ተገለጠ፣ የለም። ወጥ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈው ልጅ ተጠራች። “ነይ እስቲ። ዕቃሽን አምጪ።” ልጅቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሻንጣ የምትለውን ፌስታል አመጣች። አልጋው ላይ ተዘረገፈ። ሁለት ቀሚስ፣ የማታ ትምህርት ደብተር፣ የተጋመሰ ቅባት፣ ከአገር ቤት የተላከላት የእናቷ ፎቶ። የውስጥ ልብሷ ሳይቀር አንድ በአንድ ተራገፈ፤ የቤቱ ወንድ ልጅ በር ላይ ቆሞ ያያል። ምንም አልተገኘም። ጉትቻው የተገኘው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ለብሰውት የነበረው ነጠላ ጥለት ላይ ተሰክቶ። “አይ የኔ ነገር!” አሉ እመቤቲቱ፣ ጭንቅላታቸውን መታ እያደረጉ። “ለካ ረስቼው ነው!”

ልጅቷ ዕቃዋን መልሳ አጣጥፋ ወደ ሽንኩርቷ ሄደች። በወሩ መጨረሻ ደሞዟን ተቀብላ ወጣች። ስለ እሷ ሲጠየቁ እመቤቲቱ የሚሉት “ዘንድሮ ሠራተኛ መች ይበረክታል፤ ጥጋብ ነው” ነው።

አንድ ጉትቻ ነው የጠፋው። ያጡት ሴትዮ ያጡበት ምክንያት መርሳት ሆነ፤ ያላየችው ልጅ ምክንያት ስርቆት ሊሆን ነበር፤ ስትሄድ ደግሞ ጥጋብ ሆነ። እኒያ ሴትዮ ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ቢሆኑማ ነገሩ ይቀል ነበር። ለዕድር ቀድመው የሚደርሱ፣ ለጎረቤት ልጅ ደብተር የሚገዙ ናቸው። ነገር ግን ደግ ግምት በየሰዉ እኩል አይታደልም፤ እንደ ገንዘብ ወደ ባለጸጋው ያጋድላል። ትልቅ ሕንጻ በር ላይ ፈታሹ ከረባት ያሰረውን “ይለፉ ጌታዬ” ብሎ ሸክም የያዘውን ኪሱን የሚዳብሰው በዚሁ ሚዛን ነው። ሕጉም ቢሆን ለልጅቷ ብዙ አላበጀላትም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል፤ ወጥ ቤት ግን ፍርድ ቤት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቤት ሠራተኛን ከሚሸፍናቸው ሰዎች ውጭ ትቷታል።

የጥንቱ አውጫጭኝ በዚህ አንጻር የተሻለ ፍትሕ ነበረው ብል ይቅርታ ይደረግልኝ ይሆናል። ሌባ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ተጠርቶ ይሰበሰብ ነበር፤ የቀረ ይቀጣል፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤት መግባት የለም። ጭንቅ ነው፣ ሥራ ያስፈታል፣ በሐሰት ለመወንጀልም ይመቻል። ሆኖም ባለ መሬቱም ጭሰኛውም አብረው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። የእኛ ዘመን አውጫጭኝ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ወጥ ቤት ነው።

ክፉ ግምት የሚያብበው ሌላው ቦታ ርቀት ያለበት ነው። ልጇ ዓረብ አገር የሄደች እናት የምትጠብቀው የስልክ ጥሪ ነው። ሁለት ወር ድምፅ ከጠፋ፣ ጎረቤት “አይ፣ ሰው አግኝታ ነው፤ ረስታችኋለች” ይላል። ካፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ፓስፖርቷ ከአሠሪዋ መሳቢያ ሊገባ፣ ስልኳም ሊነጠቅ ወይም በሳምንት አንዴ ብቻ ሊሰጣት ይችላል። በሌሊት ብትደውል ቀኑን ስለማትችል ነው፤ ገንዘብ ያልላከችው ደሞዝ ስላልተከፈላት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ሰፈሩ አያይም። የሚያየው የሌላዪቱ ልጅ ላከች፣ ይቺ አልላከችም የሚለውን ነው። በአንጻሩ ልጅቷም በዚያ በኩል፣ በተሰበረ መስመር “ብር መቼ ነው የምትልኪው?” የምትል አጭር መልእክት ስታነብ እናቷ ለገንዘብ ብቻ የምትፈልጋት ይመስላታል። እናትየው ግን መልእክቱን ያጻፈችው በጎረቤት ልጅ ነው፤ “እንደምን ከረምሽ፣ ዓይንሽ ናፈቀኝ” ያለችውን ልጁ ይረዝማል ብሎ ትቶታል።

የተጻፈ መልእክት በተለይ ተንኮለኛ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀስቲን ክሩገርና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በኢሜይል ሽሙጥና ቁም ነገር የላኩ ሰዎች ተቀባዩ ለይቶ እንደሚረዳቸው እርግጠኛ ሆነው፣ ተቀባዮቹ ግን ከግምት እምብዛም ያልተሻሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ጸሐፊው ድምፁን በጆሮው ይሰማዋል፤ አንባቢው ፊደሉን ብቻ ያያል፤ ድምፁን ከራሱ ስሜት ይጨምርበታል። ቴሌግራም ላይ “እሺ” ብቻ የተጻፈለት ሰው ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል የሚውለው ለዚህ ነው።

እስቲ አሁን በተቃራኒው እንየው፤ ሰዎች በእርግጥ ምን ያህል በጎ ናቸው? በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለዚህ ከሁሉም የሰፋ ፈተና ነው። አጥኚዎቹ በ40 አገሮች፣ በ355 ከተሞች ከ17,000 በላይ የኪስ ቦርሳዎችን “ወድቆ አገኘሁት፤ እኔ ቸኩያለሁ፣ እባክዎ ለባለቤቱ ያድርሱልኝ” እያሉ ለባንክ፣ ለሆቴል፣ ለፖስታ ቤት፣ ለፖሊስ ጣቢያ ሠራተኞች ሰጡ። ቦርሳው በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን የባለቤቱ ስምና የኢሜይል አድራሻ፣ የአስቤዛ ዝርዝርና በአብዛኛው ቁልፍ ነበረበት። በአንዳንዱ ብር አለ፣ በአንዳንዱ የለም። ተራ ሰዎች ተጠይቀው ብር ያለበት ይበልጥ ይቀራል ብለው ገመቱ። የሆነው ተቃራኒው ነው። ብር ከሌላቸው ቦርሳዎች 40 በመቶ ያህሉ፣ ብር ካላቸው ግን 51 በመቶ ያህሉ መገኘታቸው ለባለቤቱ ተገለጸ። በሦስት አገሮች ብሩ ከፍ ሲደረግ መላሹ ይበልጥ ጨመረ። ቁልፍ ያለበት ቦርሳም ከሌለበት ይበልጥ ተመለሰ፤ ቁልፍ ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይጠቅምማ። ሰዎቹ ያሰቡት ሌባ መሆን ስለሚያመጣባቸው ሐፍረትና በር ተዘግቶበት ስለሚቆመው ሰው ነበር።

ይህን ለአገሬ ሰው ስነግር “የኛውን ንግድ ባንክስ?” ይሉኛል። መልካም ጥያቄ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች በሒሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ተዳረሰ፤ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤቲኤም ፊት በሌሊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው የወጣው። እዚህ ላይ ያ የኪስ ቦርሳ ትዝ ይለኛል። ማሽኑ ቁልፍ የለውም፤ የአስቤዛ ዝርዝር የለውም፤ የማን እንደሆነ የሚናገር ስም የለውም። ጎን ለጎን የቆመው ጓደኛህ ሲያወጣ አንተ ሞኝ ትሆናለህ።

ባንኩ ከዚያ በኋላ ያደረገው ይበልጥ ያስተምራል። በፈቃዱ የመለሰ በወንጀል አይጠየቅም አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ጥሪ አደረጉ። በሌላ አነጋገር፣ የሌሊቱን ሰልፍ የሌቦች ሰልፍ ነው ብሎ ከመጀመር ይልቅ የሚመለሱበት በር ከፈተላቸው። በሳምንታት ውስጥ ከገንዘቡ ከሦስት አራተኛው በላይ መመለሱን ባንኩ አስታወቀ። ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ። ፎቶ መለጠፉን አልወደድኩትም፤ አንድ ሌሊት ያጠፋ የሃያ ዓመት ልጅ ፊት በኢንተርኔት ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነበር፤ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ጊዜ፣ ከዚያ ክስ።

ሁልጊዜ በበጎ ማየት አያስበላም ወይ? ያስበላል። “ከባንክ ነው የምደውለው፤ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ” ብሎ የሰው ገንዘብ የሚያራግፈው አጭበርባሪና “ልጅሽ በአንድ ወር ውስጥ ሥራ ትጀምራለች” ብሎ እናት ያላትን ላም እንድትሸጥ የሚያደርገው ደላላ በዚሁ ደግ ግምት ነው የሚኖሩት። ግን የሁለቱን አሠራር ልብ ብሎ ላየ አንድ ነገር ይመሳሰላል። “አሁኑኑ!” ይላሉ። “ለማንም አትናገሩ” ይላሉ። መጠየቅን ይከለክላሉ። ረዳቱን ጮክ ብለህ ብትጠይቀው ተሳፋሪው ሁሉ ምስክር ነው፤ ደዋዩን “ቆይ ልጄን ላማክር” ስትለው ስልኩን ይዘጋል።

መጠየቅ መጠርጠር እንዳልሆነ ከማንም ቀድሞ የገባው ዕቁብ ነው። መርካቶ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ በአብዛኛው ያለ ጠበቃና ያለ ባንክ ነው የሚዞረው። አደገኛው ሰው ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ነው፤ ብሩን ወስዷል፣ የቀረው መክፈል ብቻ ነው። ስለዚህ ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ መጥራት ሰውዬውን መጠርጠር አይደለም፤ ሚሊየነሩም ደሃውም ይጠራሉ። እንዲያውም የዕቁቡ ዳኛ ሲያስፈልግ ለስለስ እንዲሉ የሚያስችላቸው ዋስ መኖሩ ነው። የሚይዙት ነገር ስላላቸው መጮህ አያስፈልጋቸውም።

አንድ የዕቁብ ዳኛ አሠራራቸውን ሲያወጉኝ፣ አባል አንድ ሳምንት ከጎደለ የሚልኩበት ጸሐፊውን ሳይሆን በሱቅ የሚጎራበተውን ሰው ነው አሉ፤ ገንዘቡን እንዲያመጣ ሳይሆን ደህንነቱን እንዲጠይቅ። አንዴ ዕጣ ከወሰደ አንድ ወር ያልሞላው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሁለት ሳምንት ጠፋ። አባላቱ “ብር ይዞ ጠፋ” ብለው ቤቱ እንሂድ ሲሉ ጎረቤቱ ሆስፒታል አገኘው፤ ልጁ ተኝታለች፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፣ ሱቁን የሚከፍትለት ሰው የለውም። ሁለቱን ሳምንት ወደ ዙሩ መጨረሻ አሸጋገሩለትና ከፍሎ ጨረሰ። ዋሱ የነበረው ሰው ስሙ ሊጠራ እንደነበር የሰማው ዙሩ አልቆ ግብዣ ላይ ነው፤ “እንኳን አልነገራችሁኝ” ብሎ ሁለተኛ ጥብስ አዘዘ።